«አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ»፦ የባላንጣ ዝርያ ግብረ ገባዊ ውስብስብነት በምናባዊ ልብ ወለድ፣ ከአማርኛ የጅብ ተረቶች አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በምናባዊ ልብ ወለድ ውስጥ ከሰው ልጅ ጋር በጠላትነት የሚሰለፍ ፍጡር ወገን፣ ማለትም «ባላንጣ ዝርያ»፣ በግብረ ገብ ረገድ ውስብስብ ሆኖ ሊቀረጽ የሚችልበትን መንገድ ይመረምራል። የምርመራው መነሻ ስለ ጅብ የሚነገሩ አራት የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዦች ስለ ጎንደርና ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ የተጻፉ ዘገባዎች፣ በቡዳ እምነት ላይ የተካሄዱ የሥነ ሰብእ ጥናቶችና ከውጭ ሥነ ጽሑፍ የተመረጡ ሥራዎች ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ በምክንያትና በማመካኛ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ይቆማል። ውስብስብ ባላንጣ ለሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱ ግን ወደ ማመካኛ ሲለወጥ ተጎጂው ከትረካው ይጠፋል። በአንጻሩ ክፋቱ በትውልድ የተወሰነ ዝርያ ሲቀረጽ የሚያመካኘው ባላንጣው ሳይሆን ከሳሹ ማኅበረሰብ ይሆናል። የቡዳ ክስ ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። በመጨረሻም ለጸሐፍትና ለሐያስያን የሚያገለግሉ አራት መመዘኛዎች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ምናባዊ ልብ ወለድ፣ ባላንጣ ዝርያ፣ ጅብ፣ ቡዳ፣ ምክንያት፣ ማመካኛ

1. መግቢያ

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ ጀምሮ ጥርባን በመሰሉ አነስተኛ ከተሞች ዙሪያ ባለው የገጠር ኑሮ፣ ፈረስና አህያ የቤተሰብ መተዳደሪያ አካል ናቸው። በተለይ ፈረስ በአገው ዘንድ ከጭነት ከብትነት ያለፈ ትርጉም አለው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል እንደሚመሰክረው የታሪክና የክብር ምልክት ነው። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ጅብ ሌሊት ወደ በረት ገብቶ ውርንጭላ ቢወስድ ጉዳቱ የተረት ጉዳት አይሆንም። ባለቤቱ በማግስቱ እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርስበት ያጣል። ስለዚህ ጅብ በደጋው ሕዝብ ትውፊት የያዘው የባላንጣነት ቦታ ከባዶ ምናብ የተፈጠረ ሳይሆን በእውነተኛ ጉዳት ላይ የተመሠረተ ነው።

የጅብ ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፋንታሲ በመባል የሚታወቀው ምናባዊ ልብ ወለድ ከዋና ዋና መሣሪያዎቹ አንዱ ባላንጣ ዝርያ ነው። ይህም ከሰው የተለየ፣ የራሱ ቋንቋና ሥርዓት ያለው፣ ከሰው ጋር በጥቅም ወይም በደም የሚጋጭ ወገን ነው። ዘርፉ በአማርኛ ገና በስፋት ያልተሠራበት በመሆኑ ጀማሪ ጸሐፍት ብዙውን ጊዜ አብነታቸውን የሚወስዱት ከውጭ ነው። ከዚህም ሁለት ተደጋጋሚ ግድፈቶች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው ዝርያውን በሞላ በትውልድ ክፉ አድርጎ መሣል ነው። ሁለተኛው፣ ይህንን ለማረም ሲባል፣ ባላንጣውን በኀዘኔታ አጥለቅልቆ ያደረሰውን ጉዳት ማስረሳት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም ግድፈቶች የሚፈትሽ መለኪያ በአገሩ ትውፊት ውስጥ መኖሩን ማሳየት ነው። ለዚህም በመጀመሪያ አነጋገሮቹ ይተነተናሉ፤ ቀጥሎ የባላንጣው ረኃብ ምንጭና የቡዳ ክስ ይመረመራሉ፤ በማስከተልም ንጽጽርና መመዘኛ ይቀርባሉ።

2. አራት አነጋገሮች፣ አራት ጅቦች

በአማርኛ ስለ ጅብ የሚነገሩ አነጋገሮች ብዙ ናቸው። ለዚህ ጽሑፍ የተመረጡት አራቱ እያንዳንዳቸው ስለ ባላንጣው ማንነት የተለየ አመለካከት ይዘዋል።

የመጀመሪያው «በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው» የሚለው ነው። በዚህ አነጋገር ክፋት በቆዳ ውስጥ ያደረ ባሕርይ ነው። እንስሳው ሞቶ፣ ቆዳው ተፍቆ፣ በሰው እጅ የሙዚቃ መሣሪያ ከሆነም በኋላ ድምፁ አይለወጥም። ሥልጠናም ሆነ ጥበብ ትውልድን አይሽርም ማለት ነው። በትውልድ ክፉ የሆነ ዝርያ የሚባለው አቀራረብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል ይህን ይመስላል።

ሁለተኛው «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ይላል። እዚህ ላይ ጅቡ ባሕርዩ የሚነዳው ፍጡር አይደለም። ዕቅድ አለው፤ ተመልካቹ እንዴት እንደሚያየው ያውቃል፤ ማንከሱን ለማታለያ ይጠቀምበታል። ባላንጣው አሳቢ ሆኗል፤ አሳቢነቱ ግን ገና ለጉዳት ብቻ ያገለግላል። በርካታ የጀብዱ ልብ ወለዶች የሚቆሙት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ባላንጣው ብልኅ ነው፤ ከብልኅነቱ በስተጀርባ ግን ሌላ ፍላጎት አይታይም።

ሦስተኛው «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ነው። አነጋገሩ በተለምዶ የሚነገረው ያለ ልኩ ክብር በሚሻ ሰው ላይ ለመሣለቅ ነው። ይሁንና ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከአራቱ ሁሉ የበለጠ ጥሬ ዕቃ የያዘው ይህ ነው። ጅቡ ስሙን ያውቃል፤ በአገሩ ቁርበት የሚያነጥፍለት እንደሌለ ተረድቷል፤ ስለዚህ ወደማያውቁት አገር ይሄዳል። የሚፈልገው ሥጋ ሳይሆን እንደ እንግዳ መቆጠር ነው። ቁርበቱ ደግሞ ለሰው መቀመጫ፣ ለጅብ ምግብ ነው። የጠየቀው ክብር የሚሰጠው በሚበላው ነገር ላይ መሆኑ ምኞቱንና ረኃቡን በአንድ ዕቃ ላይ ያገናኛቸዋል። አስተናጋጁ ቁርበቱን ቢያነጥፍ ጅቡ ይቀመጥበታል ወይስ ይበላዋል? አነጋገሩ መልስ አይሰጥም። ልብ ወለድ ሊጀምር የሚችለው ከዚህ ጥያቄ ነው።

አራተኛው የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ነው። በተለመደው ተረት ጅብ ከወንዙ ራስጌ፣ አህያ ከግርጌ ሆነው ውኃ ይጠጣሉ። ጅቡ «ውኃውን አደፈረስሽብኝ» ሲል ይከሳታል። ውኃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። አህያዋ ግን አትከራከርም፤ እንዳያመካኝ ብቻ ትጠይቀዋለች። ተመሳሳይ ጭብጥ ያለው የኤዞጵ ተረት በተኩላና በጠቦት መካከል የሚካሄድ ክርክር ሲሆን ጠቦቱ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ ይሰጣል። በአማርኛው ግን ተጎጂዋ ክርክሩን ራሱን ትንቃለች። የምትጠላው ሞቱን ብቻ አይደለም፤ ሞቷ በፍትሕ ቃላት ተሸፍኖ እንዲቀርብ መደረጉንም ነው።

የአጠራሩም ነገር ሊታለፍ አይገባም። «አያ» ለታላቅ ወንድም ወይም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ተረቱ ባላንጣውን በዘመድ ስም ይጠራል። በአጠራሩ ውስጥ ፍርሃት፣ ልምምጥና ሽሙጥ አብረው ይሰማሉ። ባላንጣው ሙሉ በሙሉ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ማመካኛ ባላስፈለገው ነበር። የሚያመካኘው በአንድ የግብረ ገብ ቋንቋ ውስጥ ከአህያዋ ጋር ስለሚኖር ነው።

«ምክንያት» እና «አመካኘ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው አንድን ድርጊት ያስከተለውን ነገር ያመለክታል፤ ሁለተኛው ድርጊቱን ትክክል ለማስመሰል የሚቀርብን ሰበብ። ጅቡ ምክንያት አለው፦ ርቦታል። የደፈረሰው ውኃ ግን ማመካኛ ነው። ቀጣዮቹ ክፍሎች የሚመረምሩት ይህንን ልዩነት ነው።

3. የረኃቡ ምንጭ

ተረቱ ጅቡ መራቡን ይነግራል እንጂ ለምን እንደራበው አይናገርም። ውስብስብ ባላንጣ የሚቀርጽ ጸሐፊ ግን የረኃቡን ምንጭ ማወቅ ይኖርበታል። በዚህ ረገድ ሁለት ማስረጃዎች አስተማሪ ናቸው።

የመጀመሪያው ከዘመናዊ ሥነ እንስሳት የተገኘ ነው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የሚኖሩ ጅቦች በዐቢይ ጾም ወቅት የሚመገቡት ምን እንደሆነ በዐይነ ምድራቸው ውስጥ ከተገኘ ፀጉር መርምረዋል። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ሲሆን በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ወደ 22.2 በመቶ ወርዷል። አመክንዮው ግልጽ ነው። በ55ቱ ቀናት ምእመናን ሥጋ ስለማይበሉ እርድ ይቀንሳል፤ ከእርድ የሚገኘው አጥንትና ትርፍራፊም ይጠፋል፤ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። ሰው ከሥጋ ሲታቀብ የጅቡ አዳኝነት ይጨምራል ማለት ነው። ጾመኛው አልበደለም፤ ጅቡም አልበደለም፤ አህያዋ ግን ሞታለች። ለትረካ ከዚህ የተሻለ የግጭት አወቃቀር ማግኘት ያስቸግራል። የአንዱ ወገን ቅዱስ ተግባር የሌላውን ረኃብ ይወልዳል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በሁለቱም በኩል ያልቆመ ሦስተኛ ወገን ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከታሪክ የተወሰደ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. በጎንደር ቆይቷል፤ ወደ ግሽ ዓባይ ሲጓዝም የአገው ምድርን አቋርጧል። በ1790 እ.ኤ.አ. በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጅብ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ከጣና በስተደቡብ በምትገኘው በሜጫ ሌሊት ወደ ድንኳኑ የገባ ጅብ በጦር እንደወጋ ይተርካል። ጅቡ በአፉ ይዞት የተገኘው ግን ሰው ወይም ከብት ሳይሆን ሻማ ነበር። የጎንደሩ ገለጻ ከዚህ የከበደ ነው። በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ የተገደሉ ሰዎች አስከሬን ሳይቀበር በየመንገዱ ይጣል እንደነበር፣ ጅቦችም ለዚሁ ሲሉ ሌሊት ሌሊት ከተማዋን ይሞሏት እንደነበር ጽፏል። ከዚሁ ጋር አያይዞ ሕዝቡ ስለ ጅቦቹ የነበረውን እምነት ይመዘግባል፦ በአካባቢው ተራሮች የሚኖሩ፣ እርሱ ፈላሻ ብሎ የሚጠራቸው ቤተ እስራኤላውያን፣ በአስማት ወደ ጅብነት ተለውጠው የሰው ሥጋ ለመብላት እንደሚወርዱ ይታመን ነበር።

ሁለቱ ዘገባዎች ጎን ለጎን ሲነበቡ የባላንጣ ዝርያ አፈጣጠር ይገለጣል። አስከሬኑን በመንገድ ያስጣለው ሥልጣን ነው። ጅቡ ያደረገው የተጣለለትን መብላት ነው። ክሱ ግን በሥልጣኑም በጅቡም ላይ አላረፈም፤ በተራራው ላይ ወደሚኖር፣ በእጅ ሥራው ወደሚተዳደርና በሃይማኖቱ ወደሚለይ ሕዝብ ዞረ። ራስጌ ያለው አደፈረሰ፤ ግርጌ ያለው ተከሰሰ።

4. ባላንጣው ሰው ሲሆን

የቡዳ እምነት ጥናት ለምናባዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በእምነቱ መሠረት ቡዳ በዐይኑ ሰውን ይበላል፤ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል፤ ኀይሉም በዘር ይተላለፋል። ክሱ በብዛት ያረፈው በቀጥቃጮች፣ በሸክላ ሠሪዎች፣ በፋቂዎችና በሸማኔዎች፣ እንዲሁም አብዛኞቹን እነዚህን ሙያዎች ይዘው በኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ላይ ነው። በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው የናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ የተገደሉ ጅቦች በጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ይገኝባቸው እንደነበር ተጽፏል፤ ይህም ቀጥቃጮች ወደ ጅብነት ይለወጣሉ ለሚለው እምነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ጉትቻው የትረካ መሣሪያ ነው፤ አውሬውን ከአንድ የታወቀ የሰው ወገን ጋር ያስተሳስረዋል።

ተመራማሪዎች እምነቱን ከተለያየ አቅጣጫ ተርጉመውታል። ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የቡዳን እምነት በአማራ ገበሬዎች ዘንድ ካለው የቅናት ፍርሃትና ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር አያይዞታል። ሐጋር ሰሎሞን በ1999 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ትዝታ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር የነበራቸው ግንኙነት ምን ያህል በዚህ ክስ ጥላ ሥር እንደነበር ያሳያል። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ጅብን ከሕዝቡ መጠሪያ ጋር ያገናኛል። ቶም ቦይልስተን በዘጌ ላይ በመመሥረት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የቡዳን ፍርሃት ከምግብ፣ ከመካፈልና ከስስት ጋር አስተያይቶ ተመልክቶታል። ትርጓሜዎቹ ቢለያዩም ሁሉም በአንድ ነገር ላይ ይገናኛሉ፦ ክሱ ስለ ተከሳሹ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ከሳሹ ፍርሃት የሚናገረው ይበልጣል።

የገበሬው ማኅበረሰብ ያለ ቀጥቃጭ ማረሻ፣ ያለ ሸክላ ሠሪ እንስራና ምጣድ፣ ያለ ሸማኔ ጋቢ አያገኝም ነበር። ከእነዚሁ ባለሙያዎች ጋር በጋብቻ አለመተሳሰርን፣ በማዕድም መራቅን የሚያጸድቅ ሰበብ ግን ያስፈልገው ነበር። የቡዳነት ክስ ይህን ሰበብ አቀረበ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ እስከመሆን መድረሱን ያመለክታል። በዚያው ዓመት የአማርኛ ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም ታትሟል። የዐዋጁ ዕድሜና የአማርኛ ልብ ወለድ ዕድሜ እኩል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ባለሙያውን ከጅብ ጋር የሚያገናኘው ቋንቋ ከአንደበት ጨርሶ አልጠፋም። የዛሬው ጸሐፊ የሚፈጥረው ጭራቅ የሚገባው ወደ ባዶ አእምሮ ሳይሆን ይህን ቋንቋ ወደሚያውቅ አንባቢ ዘንድ ነው።

ለምሳሌ አንድ ጸሐፊ በምናባዊ ዓለሙ ውስጥ ሌሊት የሚወጣ፣ ብረት የሚያቀልጥ፣ ኀይሉ በደም የሚተላለፍና ሰው የሚበላ ዝርያ ቢፈጥር፣ ስሙን ምንም ቢለው አንባቢው ማንን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። ጸሐፊው የቀጥቃጭን ልጅ የማስቀየም ዓላማ ላይኖረው ይችላል። ትረካው ግን ክሱን ከተረት አውጥቶ በልብ ወለዱ ዓለም እውነት ያደርገዋል። በዚያ ዓለም ውስጥ ከሳሾቹ ልክ ነበሩ ማለት ነው። በትውልድ ክፉ የሆነ ዝርያ የሚያስከትለው ዋነኛ ችግርም ይኸው ነው፤ ለከሳሹ ወገን ከነባራዊው ዓለም ያላገኘውን ማስረጃ ይሰጠዋል።

5. ሦስት ንጽጽሮች

ችግሩ የአማርኛ ትውፊት ብቻ አይደለም። ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 እና በ1955 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ ልብ ወለድ ውስጥ ኦርክ የተባለውን ዝርያ የጨለማው ኀይል ሠራዊት አድርጎ አቅርቧል። ከሞቱ በኋላ የታተሙ ጽሑፎቹ እንደሚያሳዩት ግን የእነዚህን ፍጡራን አመጣጥ እስከ መጨረሻው አልቋጨውም። ክፉ ኀይል መፍጠር የማይችል፣ ማበላሸት ብቻ የሚችል ከሆነ ኦርኮች ከየት መጡ? ነፍስ ካላቸውስ ሁሉም ያለ ልዩነት መጥፋታቸው ፍትሕ ነው? ችግሩ የመነጨው ከእምነቱና ከትረካው ፍላጎት ግጭት ነው። ትረካው ያለ ጸጸት የሚገደል ጠላት ይፈልጋል፤ እምነቱ ደግሞ ፈጽሞ የማይድን ፍጡር መኖሩን ለመቀበል ይቸገራል።

ኦክታቪያ በትለር በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ብለድቻይልድ» የተሰኘ አጭር ልብ ወለድ ሌላ መንገድ ተከትላለች። ከምድር የሸሹ ሰዎች በሌላ ዓለም ትሊክ ከተባሉ ነፍሳት መሰል ፍጡራን ጋር ይኖራሉ። ትሊኮች እንቁላላቸውን በሰው ገላ ውስጥ ያኖራሉ፤ ያለዚያ ዝርያቸው ይጠፋል። ሰዎቹም ያለ ትሊኮች ጥበቃ መጠለያ የላቸውም። ደራሲዋ ፍቅሩን አልሸሸገችም፤ አሠቃቂውን ወሊድም በዝርዝር አሳይታለች። ታዳጊው ጋን የሚወስነው ሁሉንም ካየ በኋላ ነው። ትሊኮች ምክንያት አላቸው፤ ደራሲዋ ግን ማመካኛ አልሰጠቻቸውም። ገላው የሚቀደደው ሰው ከገጹ አልጠፋምና።

ሦስተኛው ንጽጽር ወደ አገር ቤት ይመልሳል። በሐረር ጅብ «ዋራባ» ይባላል። በጀጎል ግንብ ላይ ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በዓሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ የማቅረብ ትውፊትም አለ። በአፈ ታሪኩ መሠረት በረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው ሲበሉ ቅዱሳን ሰዎች ከእነርሱ ጋር ስምምነት አድርገዋል። ማርከስ ቤይንዝ-ሮክ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጉርብትና በዝርዝር ገልጾታል። ጅቦቹ ከተማዋን ከጂን እንደሚያጸዱም ይታመናል። ልብ ሊባል የሚገባው ስምምነቱ ጅቡን ወደ በግነት አለመለወጡ ነው። ስምምነት የሚያስፈልገው መጉዳት ከሚችል ጋር ነውና። ከጎንደሩ ዘገባ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በሐረሩ አፈ ታሪክ ረኃቡ በስሙ ተጠርቶ ድርሻ ተመደበለት፤ በጎንደሩ እምነት ረኃቡ ተዘንግቶ ተከሳሽ ተፈለገለት።

6. ለጸሐፍትና ለሐያስያን የሚሆኑ መመዘኛዎች

ከላይ ከቀረበው ትንተና አራት መመዘኛዎች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ረኃቡ ምንጭ ይኑረው። ባላንጣው የሚያደርሰው ጉዳት በልብ ወለዱ ዓለም ኢኮኖሚ፣ ወቅትና ሥርዓት ውስጥ ሊገለጽ ይገባል። የጾሙ ጥናት እንደሚያሳየው ከሁሉ የበረታው ምንጭ በሌላው ወገን መልካም ተግባር ውስጥ የሚገኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ዝርያው በአንድ ቅኝት አይቃኝ። የተረቱ አያ ጅቦ ብቸኛ፣ ወንድና ሆዳም ነው። በእውነተኛው ዓለም ግን ዥጉርጉር ጅብ በመንጋ ይኖራል፤ መንጋውን የሚመሩት እንስቶች ናቸው፤ ግልገሎች የእናታቸውን ማዕረግ ተከትለው ደረጃ ይይዛሉ። እንስሳው ራሱ ከተረቱ ይልቅ ውስብስብ ማኅበር አለው። በባላንጣው ወገን ውስጥ የሚከራከሩ፣ የሚወራረሱ፣ የሚያፍሩ ግለሰቦች ከሌሉ ጸሐፊው አሁንም በጅብ ቆዳ ክራር እየተጫወተ ነው።

ሦስተኛ፣ ዝናውን ማን እንደሚያወራው ይታወቅ። ስለ ባላንጣው የሚነገረው ነገር ሁሉ ተናጋሪ አለው፤ ተናጋሪውም ጥቅም አለው። አስከሬኑን ማን በመንገድ እንደጣለው የሚጠይቅ ቢያንስ አንድ ገጸ ባሕርይ በትረካው ውስጥ ሊኖር ይገባል። ለባላንጣው የሚመረጡት መለያዎች፣ ማለትም ሙያው፣ ጌጡ፣ የመኖሪያው ቦታና የሚበላው ምግብ፣ በነባራዊው ዓለም የአንድን ሕዝብ ስም የሚያስጠሩ እንዳይሆኑም መመርመር ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ አህያዋ ትናገር። ባላንጣው የቱንም ያህል ምክንያት ቢኖረው የተጎጂው ድምፅ ከትረካው አይውጣ። ይህ መመዘኛ ባላንጣን ለማዘን የሚጣደፈውን ዘመናዊ ዝንባሌ ይገራል።

መመዘኛዎቹን በተግባር ለመፈተን ሦስተኛውን አነጋገር ወደ ታሪክ መለወጥ ይቻላል። በመጀመሪያው ረቂቅ ጅቡ ባላወቁት አገር ቁርበት ይነጠፍለታል፤ ሌሊት ተነሥቶ ቁርበቱንና ቤተሰቡን ይበላል። አንባቢው የሚማረው እንግዳን መፍራት ብቻ ነው። በሁለተኛው ረቂቅ ጅቡ የዋህ ነው፤ ሰዎቹ ያለ በደሉ ይገድሉታል። አሁን ደግሞ ባላንጣው ቀርቶ ተጎጂው ብቻ ቀርቷል፤ ረኃቡ የት እንደገባ አይታወቅም። በሦስተኛው ረቂቅ ጅቡ በቁርበቱ ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን በሙሉ ከረኃቡ ጋር ይታገላል። የቤቱ እመቤት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ የቁርበቱ ጠርዝ ሲታኘክ ትሰማለች። ቁርበቱ ባለፈው ዓመት ጅብ የገደለባት የላሟ ነው። ሲነጋ ከቁርበቱ ግማሹ የለም፤ ሰው ግን አልተነካም። እንግዳው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር «ሳታመካኝ ተቀመጥ» ትለዋለች። በዚህ ረቂቅ ረኃቡ አልተካደም፤ ጉዳቱም አልተሰረዘም። ሴትዮዋ ይቅር ማለቷም ሆነ አለማለቷ ገና አልተወሰነም። አራቱም መመዘኛዎች በአንዲት ጎጆ ውስጥ ሊሟሉ እንደሚችሉ ምሳሌው ያሳያል፤ ሰፊ ዓለምና ብዙ ሠራዊት አያስፈልግም።

7. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ እንደተመለከተው የባላንጣ ዝርያ ግብረ ገባዊ ውስብስብነት የሚለካው ለባላንጣው በሚፈስለት ኀዘኔታ መጠን አይደለም። መለኪያው ምክንያትና ማመካኛ ተለይተው መቀመጣቸው ነው። በትውልድ ክፉ የሆነ ዝርያ ምክንያት የለውም፤ ለከሳሹ ግን ማመካኛ ይሆናል። ከበደል ሁሉ የነጻ ባላንጣ ደግሞ ምክንያቱ ራሱ ማመካኛ ይሆንለታል። በሁለቱም ጊዜ የሚጠፋው በወንዙ ግርጌ የቆመው ነው፤ በአንደኛው በሐሰት የተከሰሰው ባለሙያ፣ በሌላኛው የተበላችው አህያ።

የጅብ ተረቶች ለአማርኛ ምናባዊ ልብ ወለድ የሚያበረክቱት የአውሬ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ይህንን የማመዛዘኛ ቋንቋ ጭምር ነው። በቀጣይ በአዊ ዞን በአገውኛ የሚነገሩ የጅብ ተረቶች ተሰብስበው ከአማርኛዎቹ ጋር ቢነጻጸሩ፣ በተለይም ተረቶቹ በቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች ቤት ሲነገሩ ጅቡ ማን እንደሆነ ቢመረመር፣ ጥያቄው ከከሳሹ ወገን ብቻ ሳይሆን ከተከሳሹም ወገን ሊታይ ይችላል።